ምስጢር የማትጠብቅ ጓደኛ

በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ልጆች ስለ ጭንቀት፣ ስለ ድብርትና ስለ ሴት ልጅ መብት የሚተርክ ልብ ወለድ ይጻፍ የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ከወላጅም ከመምህርም የሚሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «የሌለባቸውን ሕመም ለምን እናስተምራቸዋለን?» ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ ልጁን ከክፉ ነገር ለመጠበቅ የሚሻ ሰው ጥያቄ ነው። የሚነሳበት ግምት ግን የተሳሳተ ነው፤ ልጆች ሕመሙን ከመጽሐፍ እንጂ ከሕይወት አያገኙትም ብሎ ያስባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንደሚገጥመው፣ ከአእምሮ ሕመሞችም ሲሶ ያህሉ ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት እንደሚጀምሩ ይገልጻል። የ14 ዓመት ልጅ ማለት በእኛ አገር ገና ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ያለች ልጅ ናት። እንግዲህ ሕመሙ መጽሐፉን ሳይጠብቅ የሚመጣ ከሆነ፣ ልንጠይቀው የሚገባን ሌላ ነው፤ ልጅቷ ለማን ትናገር? የተነገራት ጓደኛስ ምን ታድርግ? ይህን ጥያቄ ከመመሪያና ከፖስተር ይልቅ ጥሩ ልብ ወለድ ይመልሰዋል ብዬ አምናለሁ። ከማንም በላይ የሚያስፈልገውም ለዲክሲስና እሷን ለመሰሉ የአርሲ ደጋ ከተሞች ልጆች ነው።

የኪራይ ክፍሏ ልጆች

ዲክሲስ የስንዴና የገብስ አገር ናት። እንዲህ ባሉ የደጋ ወረዳዎች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከብዙው የገጠር ቀበሌ ይርቃል። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች የገበሬ ልጅ ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ አንድ ክፍል ትከራያለች። ቅዳሜ ወደ ቤተሰቧ ሄዳ፣ እሑድ ማታ በሶዋን፣ ዱቄቷንና ድንቿን ተሸክማ ትመለሳለች። ይህ ኑሮ በአገራችን ገጠር ሁሉ የተለመደ ስለሆነ ምን ያህል የአዋቂ ሸክም እንዳለበት ቆም ብለን አናየውም። የ15 ዓመት ልጅ በሳምንቱ አምስት ቀን ራሷ ታበስላለች፣ ራሷን ትጠብቃለች፣ ጥቂቷን ብር ታብቃቃለች። ማታ በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነ፣ ኪራዩ ቢዘገይ የቤቱ ባለቤት ምን እንደምትል፣ መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ወጣት ምን እንዳሰበ የምታወጣ የምታወርደው እሷው ናት።

በዚያች ክፍል ከሚኖሩት አንዷ እንቅልፍ ሲነሳት፣ ምግብ ሲያስጠላት፣ ወይም «ምነው ባልተፈጠርኩ» ማለት ስትጀምር መጀመሪያ የምታውቀው አብራት የምትተኛው ጓደኛዋ ናት። እናቷ በሳምንት አንዴ ነው የምታያት፤ ያን ዕለት ደግሞ ልጅቷ ደህና መስላ ለመታየት የቻለችውን ሁሉ ታደርጋለች። መምህሩ የተጨናነቀ ክፍል ያስተምራል። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በአገራችን እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ስም እስከ ዛሬ በብዙ ሰው ዘንድ ከሕክምና ይልቅ እንደ ስድብ የሚጠራ መሆኑ ደግሞ ቤተሰብ ልጁን ወደዚያ ከመውሰዱ በፊት ዓመታት እንዲያልፉ ያደርጋል። ስለዚህ በዲክሲስ የአእምሮ ጤና የመጀመሪያው ደጃፍ ያቺው የክፍል ተጋሪ ናት። ምን ማድረግ እንዳለባት ግን ማንም አላስተማራትም። ስለ ጓደኝነት አጥብቀን ያስተማርናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምስጢር መጠበቅን።

ሸክሙ ባለፉት ዓመታት ከብዷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ልጆቹን ከቀያቸው አውጥቶ በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ስለ ፈተናው ጥራትና ስለ ኩረጃ ብዙ ተከራክረናል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። በአንድ ጠዋት «ወድቃችኋል» ስለተባሉት መቶ ሺዎች ውስጣዊ ሁኔታ ግን የተናገረ ሰው ጥቂት ነው። በአርሲ ገጠር ለወደቀች ልጅ የሚቀርብላት ምርጫ ብዙ አይደለም፤ ባል፣ ወይም የዓረብ አገር ደላላ፣ ወይም ወደ እናቷ ጓዳ መመለስ። ለአራት ዓመት በኪራይ ክፍል የተሸከመችው ተስፋ በአንድ ቁጥር ሲያልቅ የሚሰማት ነገር ስም አለው፣ ሕክምናም አለው። እሷ ግን ስሙንም ሕክምናውንም አታውቀውም።

በአንድ ዓመት የታዩ ሁለት ልጃገረዶች

እ.ኤ.አ. በ1996 የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ኦሎምፒክ ማራቶን አሸነፈች፤ በዚህ ውድድር ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴትም ሆነች። በዚያው ዓመት በአርሲ ገጠር አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት ፍርድ ቤቱ ራሷን ተከላክላለች ብሎ ነጻ አሰናበታት። ነገሩ በአገሪቱ ትልቅ ክርክር አስነሳ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ይህን መሸሸጊያ ዘግቶ ለጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት እስራት ደነገገ።

እነዚህ ሁለት ምስሎች ስለ አርሲ ልጃገረድ ለዓለም የተነገረውን ሁሉ ማለት ይቻላል ይሸፍናሉ፤ ወይ ሯጭ ናት፣ ወይ የተጠለፈች። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም በበቆጂ ሁለት ጓደኛሞች ልጃገረዶችን ለሦስት ዓመት ተከትሎ በሩጫ ሕይወታቸውን ለመለወጥ ሲታገሉ ያሳያል፤ ወደተለያዩ ማሠልጠኛዎች ሄደው ሲለያዩ የሚሰማቸው ናፍቆት ከፊልሙ በጣም ልብ የሚነካው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያች የተጠለፈች ተማሪ ታሪክ ላይ የተመሠረተው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ሁለቱም ዋጋ ያላቸው ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ያልተጠለፈች፣ ወርቅም ያላመጣች፣ በኪራይ ክፍል ከጓደኛዋ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ተጋርታ የምታድር፣ ለምን እንዳዘነች ለራሷም ማስረዳት ያቃታት ልጅ የትኛውም ታሪክ ውስጥ የለችም። ብዙዎቹ ልጆቻችን ደግሞ እሷን መሰል ናቸው።

የ«ድፍረት» ታሪክ ለልብ ወለድ የሚሆን ሌላም ትምህርት ይዟል። ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ለጊዜው ቆሟል፤ እግዱን ያስወጣችው ታሪኩ የተመሠረተባት ሴት ነበረች። በ14 ዓመቷ የደረሰባት ነገር ፍርድ ቤት ነጻ ካላት በኋላም አልለቀቃትም፤ ከተወለደችበት ቀዬ መራቅ ነበረባት፣ ከዓመታት በኋላም ሕይወቷ በአደባባይ ሸራ ላይ ሲዘረጋ የራሷ ድርሻ ምን እንደሆነ በክስ መጠየቅ ግድ ሆነባት። እውነተኛ ልጅን በስሟና በመልኳ ማቅረብ፣ በጎ ዓላማ ቢኖረውም፣ ዕዳው በልጅቷ ላይ ይቀራል። በምናብ የተፈጠረች ልጅ ግን ማንም በጣቱ አይጠቁማትም። አንባቢዋ «ይህ እኔ ነኝ» ትላለች፤ ጎረቤቷ ግን አያውቅባትም። ስለ አእምሮ ጤና መናገር ነውር በሆነበት ቦታ ይህ የልብ ወለድ ከለላ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ነው።

«የፈረንጅ ሐሳብ ነው» ለሚሉ

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሴቶች እኩልነትና የልጃገረድ ውስጣዊ ሕይወት ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የራሳችንን ሥነ ጽሑፍ ቢያስታውሱ መልካም ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ጦቢያ»፣ ዋና ባለታሪኩ የወንድ ልብስ ለብሳ ለመንገድ የወጣች ልጃገረድ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን በገዛ ቤቷ እስረኛ ሲያደርጋት እናያለን፤ የዚያች ልጅ የልብ ጭንቀት ያልተሰማው አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ሲመሩ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ «የልቤ መጽሐፍ»ን በ1942 ዓ.ም. አሳተሙ፣ ኋላም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ምሕረት ደበበም «የተቆለፈበት ቁልፍ»ን በልብ ወለድ መልክ ሲያቀርቡ፣ የአእምሮ ጉዳይ በአማርኛ ትረካ ሊነገር እንደሚችልና አንባቢም እንዳለው አሳይተዋል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» የእኛ ተረት መሆኑን አልክድም። «ጦቢያ»ም የእኛው ናት፤ ለልጆቻችን የትኛውን እንደምናወርስ የምንመርጠው እኛ ነን።

በአርሲ ደግሞ ከመጽሐፍ በፊት የነበረ ምስክር አለ። አንዲት የአርሲ ኦሮሞ ሙሽራ በሠርጓ ቀን ሲንቄ የሚባል በትር ይሰጣታል። ሚስት በባሏ ስትደበደብ፣ በተለይም በአራስነቷ ጥቃት ሲደርስባት፣ ጩኸቷን የሰሙ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ የቤታቸውን ሥራ ጥለው ይወጣሉ። ጥፋተኛው ጥፋቱን አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆና በወጉ መሠረት ክሶ እስኪታረቅ አይመለሱም። ሴቶች በጋራ ቆመው ለአንዷ መብት የሚታገሉበትን ሥርዓት አርሲ ከማንም አልተበደረም። ሆኖም አንድ ክፍተት አለው። ሲንቄ የሚገኘው በጋብቻ ነው። ገና ያላገባችው፣ በኪራይ ክፍል የምትኖረው የ15 ዓመት ተማሪ በእጇ በትር የላትም፤ ጩኸቷን ሰምታ የምትወጣላት ማን እንደሆነች በወጉ አልተደነገገም። ስለ ልጃገረዶች ጓደኝነት የሚጻፍ ልብ ወለድ ይህንን የነበረ እሴት ወደ ታች ዕድሜ ማውረድ ይችላል። «አንዷ ስትነካ ሁሉም ትውጣ» የሚለውን ነገር የአርሲ ልጅ ከአያቷ ታውቀዋለች፤ ደራሲው ወደ ትምህርት ቤቷ ቢያመጣላት አዲስ አይሆንባትም።

መጽሐፍ ልጅን ሊጎዳ ይችላል?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ በቁም ነገርም መመለስ አለበት። ስለ ራስን ማጥፋት የሚተርክ ሥራ የተጨነቀን ልጅ ሊገፋ ይችላል ይላል። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ጄይ አሸር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ ኔትፍሊክስ በ2017 «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ ሲያቀርብ፣ በተከታዩ ወር በአሜሪካ ከ10 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ ራስን ማጥፋት 28.9 በመቶ መጨመሩን አንድ ጥናት አመለከተ። አሠራሩን የተቹ ሌሎች ተመራማሪዎች ተነስተዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ቢሆንም ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ድርጊቱን በዝርዝር የሚያሳየውን ትዕይንት አውጥቶታል። በሌላ በኩል በቪየና የተሠራ እ.ኤ.አ. የ2010 ጥናት፣ ችግር ገጥሟቸው ራሳቸውን ለማጥፋት አስበው ነገር ግን መውጫ ያገኙ ሰዎች ታሪክ በጋዜጣ ሲዘገብ ራስን የማጥፋት ቁጥር ከመቀነስ ጋር እንደተያያዘ አሳይቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ መልሱ ይወጣል። አደጋው በጉዳዩ ላይ መጻፉ ሳይሆን አጻጻፉ ነው። ዘዴውን በዝርዝር የሚያሳይ፣ ሞትን እንደ በቀል ወይም እንደ ክብር የሚያቀርብ፣ አዋቂዎችን ሁሉ የማይረቡ አድርጎ ልጅቷን ብቻዋን የሚተው ሥራ ጎጂ ነው። ሕመሙን በእውነት አሳይቶ መንገዱንም የሚያሳይ ግን ያድናል።

ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን የእንግሊዛዊቷ ሆሊ ቦርን እ.ኤ.አ. የ2015 ልብ ወለድ «አም አይ ኖርማል የት?» ናት። ባለታሪኳ ኢቪ ከከባድ የአእምሮ ሕመም ሕክምና ተመልሳ አዲስ ትምህርት ቤት የገባች የ16 ዓመት ልጅ ናት። ደግማ ደጋግማ እንድትታጠብ፣ ስለ ጀርምና ስለ ቆሻሻ ያለማቋረጥ እንድታስብ የሚያስገድዳት ሕመም አለባት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ስለ ሴቶች እኩልነት የሚወያዩበት ክበብ ይመሠርታሉ፤ ሳቅ አለ፣ ክርክር አለ፣ ፍቅርም አለ። ግን ኢቪ ሕመሟን ከእነሱ ትደብቃለች፤ «ጤነኛ» መስላ ለመቆየት ስትል። ያገረሸባትም ብቻዋን ተደብቃ ስትታገል ነው። የልብ ወለዱ ትልቁ ፍሬ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስለ ሴት ልጅ ነጻነት በየሳምንቱ የሚነጋገሩ ሦስት ጓደኛሞች፣ አንዷ ስለ ራሷ መናገር ካልቻለች ነጻነቱ ጎዶሎ እንደሆነ ያሳያል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረታችን ይህንኑ ይላል፤ ሆኖም ተረቱ ለታማሚዋ ብቻ የተነገረ ነው። ለጓደኛዋ የሚናገር የለም።

የኢትዮጵያዊ የወጣቶች ልብ ወለድ ትልቁ ሥራም ይህ መሆን አለበት እላለሁ። ከባህላችን ውድ እሴቶች አንዱ ገመናን መሸፈን ነው። ጓደኛ ማለት ሆድ ሰፊ፣ ምስጢር የማታወጣ ናት ብለን እናሳድጋለን፤ በብዙ ነገርም ልክ ነው። ነገር ግን «ራሴን ላጠፋ ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ያለቻትን ልጅ ምስጢር የምትጠብቅ ጓደኛ ሁለቱንም ታጠፋለች፤ አንዷን በሞት፣ ራሷን ደግሞ ዕድሜ ልክ በሚከተላት ጸጸት። ምስጢሩን አውጥታ ለእናት፣ ለመምህርት ወይም ለጤና ባለሙያ የምትናገር ልጅ ደግሞ ለጊዜው ከሐዲ ትባላለች። ጓደኛዋ ትቀየማታለች፣ ሰፈሩ ያማታል። ይህ ትግል የልብ ወለድ ሁሉ እምብርት የሆነ ትግል ነው፤ ሁለት መልካም ነገሮች የተጋጩበት። በስብከት አይፈታም። አንባቢዋ ከባለታሪኳ ጋር ሌሊቱን ሙሉ አውጥታ አውርዳ፣ ጠዋት ተነስታ ስትሄድ ማየት አለባት። ያኔ የእሷ ሌሊት ሲመጣ ከዚህ በፊት የሄደችበት መንገድ ይሆንላታል።

ከራዲዮ ድራማዎቹ የምንማረው

ሦስተኛው ተቃውሞ «የመማሪያ መጽሐፍ እንኳን ባልተሟላበት ልብ ወለድ ቅንጦት ነው፤ መልእክቱን በራዲዮ ማስተላለፍ ይቻላል» ይላል። በራዲዮ መሞከሩ እውነት ነው፤ ውጤትም አሳይቷል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት፤ በአፋን ኦሮሞ የቀረበው «ዲምቢባ» ደግሞ 140። ሕዝቡ ባለታሪኮቹን እንደ ዘመድ ተከታትሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው «የኛ» ደግሞ ለርዕሳችን ይበልጥ ይቀርባል። ሚሚ፣ ለምለም፣ እሙዬ፣ ሳራና ሜላት የተባሉ አምስት ልጃገረዶች፣ አስተዳደጋቸውና ችግራቸው ለየቅል ሆኖ፣ በሙዚቃና በጓደኝነት ተደጋግፈው ሲኖሩ የሚያሳይ ድራማ ነበር። በልጃገረዶች መካከል ያለ ጓደኝነት ራሱን የቻለ ታሪክ እንደሆነ በአደባባይ ያሳየ ሥራ ነውና ክብር ይገባዋል።

ሆኖም ሁለት ድክመቶች አሉበት። አንደኛ፣ ራዲዮው በዋናነት የተላለፈው በአማርኛ ለአዲስ አበባና ለአማራ ክልል ነበር፤ ቤቷ አፋን ኦሮሞ የምትናገረው የዲክሲስ ልጅ ዋና አድማጩ አልነበረችም። ሁለተኛ፣ ወጪውን በብዛት ይሸፍን የነበረው የብሪታንያ መንግሥት ነበር። አንድ የብሪታንያ ጋዜጣ «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» ብሎ ዘመቻ ከከፈተበት በኋላ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ድጋፉ ተቋረጠ። ፕሮግራሙ ሌላ መንገድ ፈልጎ ቢቀጥልም፣ ነገሩ ሊያሳስበን ይገባል። የእኛ ልጆች ታሪክ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው በለንደን የግብር ከፋዮች ክርክር መወሰን አልነበረበትም። መጽሐፍ ግን አንዴ ከታተመ ማንም አያቋርጠውም። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ልጅቷም በምሥጢር ደግማ ታነበዋለች። ራዲዮ ቤተሰብ ሁሉ በተሰበሰበበት ይሰማል፤ ስለ ራሷ ጭንቀት የሚናገረውን ገጽ ግን ብቻዋን ሆና ልታነበው ትፈልጋለች።

ቅንጦት ለሚለውም መልሱ ከዚሁ ይወጣል። ሐኪም በሌለበት ቦታ ርካሹ እርዳታ የጓደኛ ንቃት ነው። ለአንድ ወረዳ የሥነ አእምሮ ሐኪም ማሠልጠን ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ መሠልጠኑም መቆም የለበትም። ሐኪሙ እስኪመጣ ግን በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የእንዲህ ያለ ልብ ወለድ አሥር ቅጂ ማስቀመጥ፣ የሥርዓተ ፆታ ክበብ እንዲያነበው፣ ሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት ምዕራፍ በምዕራፍ እንዲተርከው ማድረግ ዛሬ የሚቻል ነገር ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከአሜሪካ ተመልሰው ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ መጽሐፍ ካገኘ የሚያነብ ልጅ እንዳለ አሳይተዋል። የልጆች መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ ተስፋ ሰጥቷል፤ የአዋቂዎችም ልብ ወለድ አለን። በመካከል ያለው፣ ልጅነቱን የጨረሰና አዋቂነት ያልደረሰበት አንባቢ ግን ባዶ መደርደሪያ ነው የሚያገኘው።

ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው። እነዚህ መጻሕፍት መጻፍ አለባቸው፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ሲጻፉ ግን የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት መምሰል የለባቸውም። ዲክሲስ እንደ ዲክሲስ፣ ብርዱም ገበያውም ኪራዩም ተለይቶ ይታወቅባቸው። ልጇን ጠበል የወሰደች እናት እንደ ደንቆሮ አትሳል፤ ልጇን የምትወድ፣ ያላትን ሁሉ የሞከረች ሴት ናትና ጤና ጣቢያውንም አብራ እንድትሞክር መንገድ ይከፈትላት። ወንዶች ልጆችም ከታሪኩ አይቀሩ፤ ድብርት እነሱንም ያገኛቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ማልቀስ እንኳን ተከልክለዋል። ከሁሉም በላይ ግን በዋናው ቦታ ላይ ሁለት ልጃገረዶች ይቁሙ፤ አንዷ የታመመች፣ ሌላዋ ምስጢሩን ያወጣች። የጓደኛዋን ሕይወት ለማትረፍ አፏን የከፈተች ልጅ ከሐዲ አይደለችም። ይህንን የሚነግራት ታሪክ እስካልጻፍንላት ድረስ፣ ፈርታ ዝም ላለችበት ሌሊት ተጠያቂዎቹ እኛ አዋቂዎች ነን።